የድንጋይ ከሰል ላይ ውሃ ያፈሰስኩ ዕለት

አትላንታ ውስጥ ስንት ሐበሻ እንዳለ አላውቅም፤ መብራት የሚያመነጭ ሐበሻ ግን እኔ እስከማውቀው ሁለት ነው። አንዱ ጋሼ፣ ሌላው እኔ። የቀረው ወይ መኪና ይነዳል፣ ወይ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ይሸከማል፣ ወይ ሱቅ ከፍቷል። መናቄ አይደለም። የገዛ አባቴ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ፓርኪንግ ነው የሚሰራው፤ ዲቪውም የደረሰው ለእሱ ነው፣ እኔ በእሱ ጀርባ ታዝዬ ነው አሜሪካ የገባሁት። ግን እውነት እውነት ነው። አንተ ግድግዳህ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጠቅ ስታደርግ፣ ከግድግዳው ወዲያ ፊቱ ጠቁሮ የቆመ ሰው አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ምስጋና አያስፈልግም።

ጋሼ ዘመዴ አይደለም። ስቶን ማውንቴን ያለው ቤቱን ቤዝመንት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተከራይተን ነው የተዋወቅነው። በሱዳን በኩል በስደት የመጣ፣ ስልሳን ያለፈ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ እሁድ እሁድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሳይሄድ የማይውል ሰው ነው። በሌላው ቀን ደግሞ የቦይለር ኦፕሬተር ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ እሳት ሲጠብቅ የኖረ። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው "አታስረጀኝ" ብሎ ስለከለከለኝ አንተ ነው የምለው። ጋሼ ግን ጋሼ ነው።

ማመንጫው ከኮንየርስ ከተማ አልፎ ነው ያለው። አንድ የድሮ የካርቶን ፋብሪካ አለ፤ ስሙን አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። ፋብሪካው ከጓሮው የራሱ ትንሽ የመብራት ማመንጫ አለው፣ በድንጋይ ከሰል የሚሰራ። ሰው ኤሌክትሪክ እንዴት ነው የሚሰራው ብሎ ሲጠይቀኝ ባጭሩ ውሃ ማፍላት ነው እለዋለሁ። ከሰሉን ታነዳለህ፣ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ታፍኖ ይመጣና ተርባይን የሚባለውን ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ያሽከረክራል፣ እሱ ደግሞ ጄኔሬተሩን ያዞራል። በቃ፣ መብራት። ይሄን ለመማር አንድ ኢንጂነር አምስት ዓመት ኮሌጅ ይቀመጣል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ልጅ በአንድ የምሳ ብሬክ ጨረስኩት።

ቤዝመንቱን ከኔ ጋር የሚጋራው ጓደኛዬ ግን አንድ ቀን አላረፈልኝም። የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ሰው የሚያመላልስ ልጅ ነው። ከስራ ስገባ እንዲህ ብሎ ነው የሚቀበለኝ፦

"መጣህ ከሰል ነጋዴው? ሶፋው ላይ እንዳትቀመጥ።"

"መብራት የሚሰራ ሰው እንደዚህ አይባልም።"

"እኛ እኮ በግድብ መብራት ከሚበራበት አገር ነው የመጣነው። ወንዝ ነው የምናዞረው። አንተ አሜሪካ ድረስ መጥተህ ከሰል ታያይዛለህ? ለእናትህ ነግረሃታል ግን?"

"መኪናህን ማታ ስትሰካት ከየት የሚመጣላት መሰለህ?"

"ከግድግዳ።"

"ግድግዳውስ ከየት አመጣው?"

"የኔ መኪና አታጨስማ! እሷን ነው የምነግርህ።"

"እሷ አታጨስም። እኔ ነኝ የማጨስላት።"

እውነቱን ከነገርኩ አይቀር፣ የኛ ማመንጫ ከተማውን አያበራም። ፋብሪካውን ያበራል፣ ማሽኖቹን የሚያሞቀውን እንፋሎት ይሰጣል፣ የተረፈውን ደግሞ ወደ ዋናው መስመር ይለቃል። የአትላንታ መብራት አሁን ባብዛኛው ከጋዝና ከኑክሌር ነው የሚመጣው፤ ሶላሩም እየበዛ ነው። የድንጋይ ከሰል አንድ በአንድ እየተዘጋ ነው ይላሉ፣ ጭሱ ለማንም አይበጅም፣ እኔም አፍንጫዬን ስናፈጥ የማየውን አውቃለሁ። ግን ጥር ላይ በረዶ የሚጋግርበት ጠዋት ይምጣና እንነጋገር። ፀሐይ ገና አልወጣችም፣ ሶላሩ ተኝቷል፣ ሰው ሁሉ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቷል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው የሚሰድበው ጥቁር ድንጋይ ይፈለጋል። ከሰሉ ደግሞ ክምር ሆኖ ደጅህ ነው ያለው፣ ደመና መጣ አልመጣ አይልም። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግረው "ምን ትቀደዳለህ" ይለኛል። ከነገርኩት ሁሉ እውነቷ እሷ ሆና እሷን ነው ያላመነኝ።

እኔ ግቢ ነበር የምሰራው። በሎደር ከሰሉን ከክምሩ እየዛቅኩ ሆፐር የሚሉት ትልቅ የብረት ጉሮሮ ውስጥ እጨምራለሁ። ከዚያ በቤልት፣ በሚሽከረከር የጎማ ምንጣፍ፣ ወደ ላይ ይወጣና በቱቦ ቁልቁል ወደ እሳቱ ይወርዳል። ጋሼ ደግሞ ውስጥ ነው፣ ኮንትሮል ሩም፣ ወንበሩ ላይ። ስለዚያ ወንበር ልንገራችሁ። ክረምት ይሞቃል፣ በጋ ይቀዘቅዛል። ፊት ለፊቱ የእንፋሎቱን ግፊት የሚያሳዩ ጌጆች ተደርድረዋል፣ በስተቀኝ የእሳቱን ሆድ የምታይበት ትንሽ መስተዋት አለች። እዚያ የተቀመጠ ሰው ልብሱ ንፁህ ነው፣ እጁ ንፁህ ነው፣ ሲናገር ሰው ያዳምጠዋል። ጋሼ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ነበር። አለቃችን፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቃል ስታወጣ እንደ ማር እየጎተተች የምታወጣ የጆርጂያ ሴት፣ ለወንበሩ ትሬኒንግ የሚገባውን ሰው ስም ዓርብ ዕለት ለበላይ ልትልክ ነው። የኔን ልትልክ እንዳሰበች ነግራናለች፣ እስከ ዓርብ ምንም ካላበላሸ ብላ። ያንን ወንበር ከዲቪ በላይ ነው የፈለግኩት። ዲቪውን እኮ የሞላው አባቴ ነው። ይሄ ግን የኔ ነው የሚሆነው።

እንዴት እንደገባሁም መናገር አለብኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚመጣው። ለኢንተርቪው የወሰደኝ ጋሼ ነው። አለቃችን ስለ ድንጋይ ከሰል ምን ታውቃለህ ስትለኝ "ተወልጄ ያደግኩት ከሰል ውስጥ ነው" አልኳት። ውሸት አይደለም። አክስቴ ሰፈራችን ውስጥ ከሰል በማዳበሪያ ትቸረችር ነበር፣ እኔ ነኝ የማወርደውና የምለካው። ሴትዮዋ ግን አላመነችኝም መሰለኝ ወረቀቴን ደግማ ማገላበጥ ጀመረች። ያኔ ጋሼ ከበሩ አጠገብ ተነሳ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሁለት እጁን እፊቱ ገጥሞ "የዚህ ልጅ ዋስ እኔ ነኝ። ካጠፋ እኔን ጠይቂ" አላት። በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ። ሴትዮዋ ሳቀች፣ እንዲህ ያለ ነገር ፎርሙ ላይ የለም አለች። ጋሼ አልሳቀም። ቀጠረችኝ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ክምር ወረቀት ሰጡኝ፣ ሴፍቲ ምናምን የሚል። ገጹን እየገለበጥኩ ፈረምኩ ፈረምኩ ጨረስኩ። ከኔ በፊት እንደዚያ ፈጥኖ የጨረሰ ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ነው። አስፋልቱ መስታወት ሆኗል፣ ሎደሩ እንኳን እያቃሰተ ነው የተነሳው። ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ ይሰራል፣ መስመሩም የተረፈ ካላችሁ ስጡን ይላል። ብቻዬን ነኝ ግቢ ውስጥ። ክምሩን ስዞር ከኋላ በኩል፣ ከመኸር ጀምሮ ያልተነካው ጎን ላይ፣ ቀጭን ጭስ አየሁ። መጀመሪያ ትንፋሼ መሰለኝ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጭሱ ቀጠለ።

አልደነገጥኩም። ለምን እደነግጣለሁ? የአክስቴ ከሰል እኮ ከገጠር ሲመጣ ውስጡ ፍም ተደብቆ ማዳበሪያው ያጨስ ነበር። ምን እንደሚደረግ የሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። ትዘረግፈዋለህ፣ በጀሪካን ውሃ ትረጨዋለህ፣ ጭጭ ይላል። ከዚያ አትጥለውም። የጠፋ ከሰል ከሰል ነው፣ አድርቀህ ትሸጠዋለህ። እኛ ቤት ከሰል የጣለ ሰው የለም።

አቧራ ለማብረድ የምንረጭበት ትልቅ የውሃ ጎማ አለ። ጎትቼ አመጣሁትና ለቀቅኩበት። ፉሽሽ! እንፋሎቱ ሰማይ ደረሰ። እኔ ደግሞ እያፏጨሁ ነው፣ ወገቤን ይዤ፣ እሳት አደጋ የመጣ ሰው መስዬ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ሁላ ቀርጫለሁ፣ ለዚያ ለጓደኛዬ ላሳየው። ጭሱ የጠፋ ሲመስለኝ ያንን የራሰውን ከሰል በሎደር ዝቄ ሆፐሩ ውስጥ ጨመርኩት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ቁጠባ ነው እንግዲህ። በልቤ አለቃችን ስታየኝ ምን ትላለች እያልኩ ነበር።

አንድ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሬዲዮዬ ጮኸ። ሬዲዮ ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወራው፣ ሕግ ነው። ጋሼ በአማርኛ መጣ።

"አንተ! ከሰሉ የታለ?"

"እየላክሁ ነው ጋሼ።"

"የት ነው የምትልከው? እኔ ጋ አልደረሰም! ቱቦው ባዶ ነው፣ እሳቱ እየሳሳ ነው፣ ፕሬዠሩ እየወረደብኝ ነው!"

"በቤልቱ እየሄደ እያየሁት ነው እኮ።"

ከዚያ ድምፁ ወረደ። "አጥበኸዋል?"

"ምን?"

"ከሰሉን። ውሃ ነክቶታል?"

"ያጨስ ስለነበር ትንሽ…"

"ወይኔ ልጄ።"

የድንጋይ ከሰል የአክስቴ ከሰል አይደለም። ይሄን ያን ቀን ነው የተማርኩት፣ ከተማርኩ ደግሞ በደንብ ነው የምማረው። ድንጋዩ ሲረጥብ ብናኙ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ቱቦው ውስጥ ተለጥፎ እንደ ኮንክሪት ይደፍነዋል። ክምሩ ደግሞ ከላይ ውሃ ስታፈስበት አይጠፋም፤ ውሃው እየቦረቦረ መንገድ ይከፍትለትና አየር ይገባዋል፣ ውስጡ ይብሳል። ዞር ብዬ ሳይ ቅድም አንድ ጭስ የነበረው ሦስት ሆኗል። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር አሉ፣ በትልቁ፣ ያ እኔ በፍጥነት የፈረምኩት ወረቀት ላይ። ጭስ ካየህ በሬዲዮ ተጣራ፣ ውሃ አትንካ።

እዚህ ላይ ግን እኔም የሰራሁትን እናገራለሁ። ደረጃውን እንደ ድመት ነው የወጣሁት። ጋሼ ቤልቱን አስቆመ፣ ማንም እንዳያስነሳው ማስነሻውን ራሱ ቆለፈና ቁልፉን እጄ ላይ አስያዘኝ፣ እኔ የቱቦውን መስኮት ከፍቼ ረጅም ብረት ይዤ ገባሁበት። መዶሻ ባንድ እጅ፣ ብረት ባንድ እጅ። ጭቃው በላዬ ላይ ይፈርሳል። ብርዱ ይቆርጣል፣ እኔ ግን ሸሚዜ በላብ ርሷል። ጋሼ ከታች የቀረችውን እሳት እንደ ታመመ ሕፃን እየነካካ ይዞልኛል፤ አየሩን ይቀንሳል፣ ትንሽ ይጨምራል፣ ወደ ላይ እያየ "በርታ! በርታ!" ይላል። ሁለት ሰው የሚሰራውን ስራ ብቻዬን ነው የሰራሁት። ሦስትም ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ግግሩ በአንድ ጊዜ ተንዶ ቁልቁል ሲወርድ ሕንፃው ሁሉ ተናጋ። ከዚያ ቁልፉን መለስኩ፣ ቤልቱ ተነሳ፣ ከሌላኛው ጎን ደረቅ ከሰል ላክሁ፣ የጌጁ ቀስት ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፋብሪካው አልቆመም። አንድ ማሽን ግን እንፋሎት አጥሮት ለጥቂት ጊዜ ቆሟል። አንድ ማሽን ከቆመ ደግሞ ሪፖርት አለ።

አለቃችን ቢሮዋ ጠራችን። ቢሮ ስል ሁለት ወንበርና አንድ ማሞቂያ ያለባት ሳጥን ናት። እኔ ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ቅንድቤ ጥቁር ጭቃ ነኝ።

"ክምሩ ላይ ውሃ ያፈሰሰው ማነው?" አለች።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ለአፌ ቃል አጥሮኝ አያውቅም። ያን ሰዓት አጠረኝ። ዓርብ ማለት ነገ ነው። ወንበሩ ፊቴ ላይ ተደቀነ።

"እኔ ነኝ አፍስስ ያልኩት" አለ ጋሼ።

ሴትዮዋ አየችው። "አንተ?"

"እኔ። ልጁ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።"

ከዚያ የሪፖርቱን ፎርም ገፋችለት፣ ጋሼ ጻፈ፣ ፈረመ። እኔ የማሞቂያውን ቀይ መብራት ሳይ ቆየሁ።

ብሬክ ሩም ገብተን ጋሼ ከቤት ያመጣውን ፍርፍር በፕላስቲክ ሰሃኑ ከፈተ። እኔ አልተቀመጥኩም።

"ጋሼ፣ ለምንድነው እንደዚያ ያልከው?"

"ብላ።"

"አልበላም። ለምንድነው?"

"ዋስህ ነኝ አይደለም እንዴ? ዋስ ምን መሰለህ፣ ሠርግ ላይ የሚያጨበጭብ?"

"አንተ እኮ አላጠፋህም።"

"እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቴ ነኝ። ምን ያደርጉኛል? አንተ ግን ገና ነህ። ወንበሩን ያዝ፣ ዝም በል፣ ብላ።" እንጀራውን ጠቅልሎ አፌ ላይ አስጠጋልኝ። የተጠቀለለ ጉርሻ እምቢ አይባልም፣ ጎረስኩ።

ጋሼ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ጉራ የምወድ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ግን ጉራም ለመንዛት ከታች ትንሽ እውነት ያስፈልጋል፣ ሰው የሚቆምበት መሬት እንደሚያስፈልገው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለዚያ ለጓደኛዬ ምን ልለው ነው? ሌላውን ሁሉ ፈጥሬ ማውራት እችላለሁ። ይሄንን ግን ጋሼ ምሽት ምሽት ከላይ ፎቅ እያነከሰ ሲራመድ እየሰማሁ ማውራት አልችልም።

ቢሮዋን አንኳኳሁ። "ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እርጥቡንም ሆፐር ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ቪዲዮውንም አሳየኋት፣ ሳፏጭ ጭምር።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እውነት ተናገርክ ብላ ትከሻዬን የምትመታኝ። ፊቷ ቀላ።

"እሱ ሐሰት ጽፎ ፈርሟል ማለት ነው" አለች። ያቺ እየጎተተች የምታወራ ሴት ያን ጊዜ ፈጠነች። "ከሰል ማርጠብ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል፣ አስተምረዋለሁ። በሪፖርት ላይ መዋሸት ግን ሌላ ነው። ነገ ሰው ቢሞትብኝ ምን እንደተፈጠረ በምን አውቃለሁ? ለዚህ ሰው ያባርራሉ እዚህ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው!"

ወንበሬን ለማጣት ራሴን አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት፤ አሁን ግን የጋሼን ጡረታ አበላሽቼ ልወጣ ነው።

"አንድ ደቂቃ ስሚኝ" አልኳት። ተቀመጥኩ፣ ወንበሯን ጥቁር አደረግኩት። እንግሊዝኛዬን ታውቃላችሁ፣ ተሰብሮ የተጠገነ ነው። ያን ቀን ግን በሕይወቴ ያላወራሁትን አወራሁ። "እኛ አገር ስራ ስትቀጠሪ ሰው ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሰውየው ቆሞ ይፈርማል። አንቺ ብትሰብሪ፣ ብትሰርቂ፣ ብትጠፊ፣ እሱ ነው የሚጠየቀው። ዋስ ይባላል። እሱ በቀጠርሽኝ ቀን ኮፍያውን ሲያወልቅ ያንን ነው የፈረመልሽ።"

"ሪፈረንስ ነዋ" አለች።

"አይደለም። ሪፈረንስ በስልክ ጎበዝ ልጅ ነው ብሎ ይዘጋል። ዋስ ስልኩን አይዘጋም።"

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ማንከባለል ጀመረች።

"አንተ ብትጠፋ እሱ እስር ቤት ይገባል?"

"ይገባል።"

"ይሄን እያወቀ ለአንተ ገባ?" ከጭቃው እስከ ጭቃው አየችኝ። "ለአንተ?"

"እኔም ገርሞኛል" አልኳት።

አልሳቀችም፣ ግን ብዕሯ ቆመ። ለአንድ ሰዓት የሚተካውን ሰው ጠርታ ጋሼን አስመጣችው። የጻፈውን ወረቀት አወጣች፣ ገና ወደ ላይ አልላከችውም ነበር። እሱ እያየ ለሁለት ቀደደችው።

"እንደገና ጻፍ። ያየኸውን ብቻ። እሱ ደግሞ የራሱን ይጽፋል።"

ጋሼ እኔን አየኝ። እንደዚያ ሲያየኝ ከቱቦው በላይ ነው የከበደኝ። "አፍህ ምን ቢሆን ነው የማይዘጋው?" አለኝ በአማርኛ።

"አንተ ያስለመድከኝ ጉርሻ ነዋ፣ እንደተከፈተ ቀረ።"

"በእንግሊዝኛ!" አለች አለቃችን።

ጻፍን። እኔ አራት መስመር ለመጻፍ ጋሼ ገጽ ሙሉ ከጻፈበት ጊዜ በላይ ፈጀብኝ። ፊደሉን እየጠየቅኳት ነው የጻፍኩት፣ እሷም እየነገረችኝ። ከዚያ ፍርዱ መጣ። ዓርብ የኔ ስም አይሄድም። ወንበሩን ለጊዜው ከሌላ ሺፍት የሚመጣ ሰው ይይዘዋል። እኔ ደግሞ ሦስት ወር፣ ግቢዬን እየሰራሁ፣ ያንን ወረቀት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጮክ ብዬ እያነበብኩ እማራለሁ። ከዚያ እሷ ራሷ ትፈትነኛለች። ካለፍኩ ስሜ ይሄዳል።

"ችግሩ" አለች ፎርም እያወጣች፣ "ላይሰንስ ያለው ኦፕሬተር ፈርሞ ማስተማር አለበት። ይሄ ፊርማ እውነተኛ ነው። እሱ ሲያጠፋ የሱን ጥፋት መሸፈን የለም። አንተ የምትጠየቀው ለምን አላስተማርከውም ተብለህ ነው። ገብቶሃል? እና ሦስት ወር ነው። አንተ ደግሞ ልትወጣ ነው።"

ጋሼ ጉልበቱን በእጁ ያዝ አደረገ። ያ ጉልበት ጡረታውን ሲቆጥር ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ባለቤቱም ቀኑን ካላንደር ላይ በቀይ ከብባዋለች፣ ፍሪጃቸው ላይ አይቻለሁ።

"ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የምመጣው" አለ።

"ይሁን" አለች።

ብዕሩን አነሳ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፣ ጥቃቅን ጽሑፍ። አንዱንም አላየም፣ ቀጥ ብሎ ወደ መስመሩ።

"ጋሼ፣ ኧረ መጀመሪያ አንብበው" አልኩት።

"አንተን መች አንብቤ ነው የፈረምኩልህ?" ብሎ ፈረመ።

ክምሩ ገና ያጨስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሼ በመስኮት እየጠቆመኝ ሎደሩን አስነስቼ የጋለውን ቦታ ከሥሩ ቆፈርኩት፣ መሬት ላይ በስሱ ዘረጋሁት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ደጋግሜ እየሄድኩበት አየር እንዳይገባው ጠቀጠቅኩት። ውሃው ያለበትን አቅጣጫ እንኳን አላየሁም። ሦስት ወር ለኔ ምንም አይደለም። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ልምድ አለኝ። ስራው ሲያልቅ አለቃችን ካፖርቷን ደርባ ወጣች፣ ሙቀት የሚለካውን ረጅም ዘንግ ክምሩ ውስጥ ሰካችው፣ አነበበችው፣ ነቀለችው።

"እንዲህ አድርጎ የሚጠቀጥቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ቤትህ ግባ" አለችኝ።